ፈግፍጌ ያልጨረስኩት ድርቀት

ይህን የምጽፈው ቆዳዋ ደርቆባት፣ ስኳርና የቡና አተላ በሳህን ለውሳ ወደ መታጠቢያ ቤት ለምትገባ ሴት ነው። አትፈግፈጊ ለማለት አይደለም፤ እኔም ዛሬ ድረስ አንዳንዴ እፈገፍጋለሁ። ግን ፈግፍገሽ፣ ቀብተሽ፣ እንደገና ፈግፍገሽ ድርቀቱ አልለቅ ካለሽ፣ ነገሩ ከቆዳ ያለፈ ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን እስካውቅ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም ነበር። ያንን ጊዜ በቅጡ ስለማላስታውሰው የጎደለውን ባሌና ልጄ ሞልተውልኛል።

ነጃት እባላለሁ። ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ውስጥ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለችኝ። ባለቤቴ አወል የጀንፈል ነጋዴ ነው፤ ገበሬው በግቢው ያደረቀውን ቡና ከነገለባው ከሰቃ ገዝቶ ወደ ከተማ ያመጣል። ሐያት የምትባል አንድ ልጅ አለችን፤ ሐዋሳ ነው የምትማረው።

ድርቀቱ የጀመረኝ ከቅልጥሜ ነው። በጥፍሬ ስነካው ነጭ መስመር ይወጣበታል፤ ካልሲዬን ሳወልቅ ዱቄት የመሰለ ነገር ይረግፋል። ግር አለኝ። ጅማ ዝናብ የማይጠፋባት ከተማ ናት፤ እዚህ ልብስ አልደርቅ ብሎ ያስቸግራል እንጂ ቆዳ ደረቀ ሲባል አልሰማሁም። ቫዝሊን ቀባሁ፤ ሎሽን ቀየርኩ። ከቅልጥሜ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ መዳፌ ሄደ። የደነገጥኩት ግን አንድ ቀን የደንበኛ ሳቴን ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋ ነው። ጣቶቼ ጨርቁን እየያዙ ክሩን መዘዙት። ከዚያ በኋላ በስስ ጨርቅ ላይ እጄን ማሳለፍ ፈራሁ። ጨርቅ የሚፈራ ሰፊ ደግሞ ምን ሊሠራ ነው?

ሐያት ስትደውል በቪዲዮ አሳየኋት።

«ኡሚ፣ ይሄ እኮ የሞተ ቆዳ ነው። ላይሽ ላይ ተከምሮ ነው ቅባቱን የማያስገባው። ስክራብ ስሪ።»

«ምን ልስራ?»

«ስክራብ። መፈግፈጊያ በይው። ደግሞ የአባቢ ቤት ቡና ይጠፋበታል?»

አሠራሩን ነገረችኝ። የተጠጣ ቡና አተላ በትሪ ላይ በስሱ ዘርግቶ ማድረቅ፤ እርጥብ ከሆነ ውሎ ሲያድር ይሻግታል። ከአተላው እኩል ስኳር፤ ደቃቁን፤ ትልልቁ ቅንጣት ይቧጭራል። የወይራ ዘይት ጥቂት በጥቂት ማፍሰስ፤ ዘይቱ ስኳሩን ማራስ እንጂ መዋጥ የለበትም። ጨብጠሽ ስትለቂው እንደ እርጥብ አሸዋ ቅርጹን ከያዘ ደርሷል። በመጨረሻ ትንሽ ማር። ገላን በለብ ያለ ውሃ አርሶ፣ በክብ በክብ ቀስ ብሎ ማሸት፤ ታጥቦ ሳይደርቅ ወዲያው ቅባት መቀባት።

የመጀመሪያው ቀን፣ ወላሂ፣ ተአምር ነበር። ከመታጠቢያ ቤት ስወጣ ክንዴ ያበራ ነበር። አወል እንኳ፣ እንዲህ ያለ ነገር የማይናገር ሰው፣ «ምን ተቀባሽ?» አለኝ። ደስ ብሎኝ ለሐያት ፎቶ ላኩላት።

ብዙም ሳይቆይ ድርቀቱ ተመለሰ። እንደውም ብሶ። እኔም የሞተው ቆዳ ገና አላለቀም ብዬ እንደገና ለወስኩ። በሳምንት አንዴ ይበቃል የተባለውን በየሁለት ቀኑ አደረግሁት። ደቃቁ ስኳር ሰነፍ መሰለኝና ትልልቁን ያዝኩ። ቅልጥሜ መሰነጣጠቅ ጀመረ፤ ስንጥቁ መቅላት፣ ከዚያ ማሳከክ። የሚያሳክከኝ ስላልፈገፈግሁ ነው እንጂ ስለፈገፈግሁ ነው ብዬ አንድም ቀን አላሰብኩም። ዛሬ ሳስበው ይገርመኛል። ያን ጊዜ ግን ሐሳቤ ራሱ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ጎማ ነበር፤ ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም።

እንግዲህ ክሊኒክ መዞር ተጀመረ። የመጀመሪያው ቤት ድካሜን ስነግራቸው ደም ወሰዱና ታይፎይድ ነው አሉኝ። መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ድካሙ እንዳለ ነው። ሁለተኛው ቤት ቆዳዬን አይቶ እከክ ነው፣ ቤተሰብ በሙሉ መታከም አለበት አለ። አንሶላና ብርድ ልብስ በሙሉ በፈላ ውሃ ታጠበ። አወልም ምንም ሳያሳክከው ከአንገቱ እስከ እግሩ ጣት መድኃኒት ተቀብቶ አደረ። ጠዋት ሸሚዙ ገላው ላይ ተጣብቆ፣ «ነጃት፣ እኔን ግን ያሳከከኝ ነገር አለ?» ሲል ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ከአንድ መድኃኒት ቤት ደግሞ የተሰጠኝ ቅባት ለጥቂት ቀን ቅላቱን አጥፍቶልኝ፣ ስተወው እጥፍ ሆኖ ተመለሰ። ኋላ አንድ ወጣት ሐኪም በእርጋታ ሲያናግረኝ ቆይቶ ድብርት ሊሆን ይችላል አለኝ። ይሆን ይሆናል ብዬ ወጣሁ። ማን ያውቃል? ስለ ራሴ የሚነገረኝን ሁሉ አምን ነበር፤ የራሴ ግምት አልነበረኝማ።

ለእያንዳንዳቸው የነገርኳቸው አንዳንድ ነገር ብቻ ነበር። ለአንዱ ድካሜን፣ ለሌላው ቆዳዬን። ብርዱን ለማንም አልነገርኩም። ሰው ሁሉ በሸሚዝ ሲሄድ እኔ ሹራብ ላይ ጃኬት ደርቤ ስፌት ቤቴ እቀመጥ ነበር። ድምፄ መሻከሩንም ሕመም ነው አላልኩም። ሐያት ስትደውል «ሃሎ» ስላት «አባቢ፣ ኡሚን አቅርብልኝ» ያለችኝ ጊዜ ሁለታችንም ቀልድ አደረግነው።

ቀልድ ያልሆነብኝ ሶላቴ ነው። የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን ቆሜ፣ ሁለተኛው ረከዓ ይሁን ሦስተኛው ይጠፋብኛል። እጨምራለሁ፤ የመርሳት ሱጁድ እወርዳለሁ፤ ያንንም ወርጄ እንደሆነ እጠራጠራለሁ። አንዳንዴ ሰጋጃው ላይ ተቀምጬ አለቅስ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ከእጄ ያልወጣ ነገር ሲጠፋኝ፣ ቀጥሎ የሚጠፋው ምንድነው? ልጄ ትሆን? ስሜ ይሆን?

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ መፈግፈጊያዬን ለወስኩና ገላዬን ማሸት ጀመርኩ። ወዲያው እሳት የተለቀቀብኝ መሰለኝ። ጩኸቴን ሰምቶ አወል በሩን ገፍቶ ገባ። ውሃ በባልዲ ደፋብኝ። እየተንቀጠቀጥኩ፣ «ስኳሩ ነው! ስኳሩ አቃጠለኝ!» እላለሁ። ጣቱን ሳህኑ ውስጥ ነክሮ ቀመሰ።

«ነጃት፣ ይሄ ጨው ነው።»

«ስኳር ነው! እኔ ራሴ ነኝ የጨመርኩት።»

«ቅመሺዋ፣ ማሎ» አለኝ፤ ሲጨንቀው ልመናው በኦሮምኛ ይሆናል።

አልቀመስኩም። ተከራከርኩት። የጨው ዕቃ ክዳኑ ተከፍቶ እፊታችን ተቀምጦ፣ እያየሁት ተከራከርኩት። አወል ክርክሩን ትቶ አየኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በኔ የተናደደ ይመስለኝ ነበር፤ ምሳ በሰዓቱ ስለማይደርስ፣ የተናገርኩትን ስለምደግም፣ ሲያወራኝ ስለማንቀላፋ። ያን ቀን ፊቱ ላይ ያየሁት ንዴት አልነበረም። ፍርሃት ነበር።

በማግስቱ ቁርአን የሚቀሩ አንድ ሽማግሌ አመጣ። በውሃ ላይ ቀርተውልኝ ጠጣሁ። ልቤን አረጋግቶልኛል፤ አልዋሽም። ቅልጥሜ ግን እንደተሰነጠቀ ነበር፤ ጭንቅላቴም እንደተደፈነ።

ሆስፒታል ያደረሰኝ ያበላሸሁት ካባ ነው። እትዬ አልማዝ ቦሳ ኪቶ የሚኖሩ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ የልጃቸውን የመልስ ካባ እንድሰፋላቸው ጥቁር ቀይ ከፋይ ጨርቅ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ሰጡኝ። ከፋይ ፀጉር ስላለው በአንድ ፊት ብቻ ነው የሚሰፋው፤ ተገልብጦ አይሆንም። ስንት ዓመት የቆረጥኩት ጨርቅ ነው። ያን ቀን ግን የፊቱን ሁለት ቁራጭ ሁለቱንም ለግራ ጎን ቆረጥኳቸው። አንዱን አዞርኩት፤ መልሼ አዞርኩት፤ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አድርጌ ቆሜ አያለሁ። ስህተት እንዳለ ይታወቀኛል፤ ምን እንደሆነ ግን ማግኘት አቃተኝ። እትዬ አልማዝ ለልክ ሲመጡ እንደዚያው ቆሜ አገኙኝ።

ጨርቁን አዩት፤ ገባቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቀና ብለው ፊቴን አዩ።

«ነጃት፣ ፊትሽን በመስታወት አይተሽዋል?»

«ምነው፣ እትዬ?»

«አብጠሻል። ቅንድብሽስ? ጫፍ ጫፉ የት ሄደ?»

እጄን ወደ ቅንድቤ ሰደድኩ። እውነትም ግማሹ የለም። በየቀኑ መስታወት የማይ ሰው፣ የሙሽራ አንገት ስለካ የምውል ሰው፣ የራሴን ቅንድብ መጥፋት አላየሁም።

«እትዬ፣ ካባውን…»

«የምን ካባ! ልጄ ካባ ሳትለብስም ትዳራለች። ባልሽን ጥሪው፤ ዛሬ ሐኪም ሳታዪ አታድሪም።»

አወል ሰቃ ቡና እያስጫነ ነበር። ስልኩን እንደሰማ ጭነቱን ለጓደኛው ትቶ መጣ። የመንግሥት ሆስፒታል ወሰደኝ።

የቆዳ ክፍሉ በር ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ሞልቷል። ከአጋሮ፣ ከሰቃ፣ ከየገጠሩ የመጣ ሰው ነው። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ከወንበሩ አንደኛ ጫፍ ላይ ወድቃለች። እኔ ጃኬቴ ውስጥ ተጠቅልዬ እንቀጠቀጣለሁ። ፀሐዩ ላይ የተቀመጠች አንዲት የገጠር ሴት አይታኝ ተነሣችና ቦታዋን ለቀቀችልኝ። «መል ታቴ?» አለችኝ በኦሮምኛ፤ ምን ሆነሽ ነው ማለቷ ነው። መልሱን ፈለግሁት፤ አጣሁት። «እኔንጃ» አልኳት። ሳቀች፤ እጄን ይዛ እንደተቀመጠች ተራዋ ደረሰ። ስሟን አልጠየቅኋትም።

ሐኪሟ ቆዳዬን አየች፤ ግን ብዙ አልቆየችበትም። ጃኬቴን አየች።

«ይበርድዎታል?»

«በጣም።»

«ድምፅዎ ድሮም እንዲህ ነው?»

አወል ቀደመኝ፤ «ኧረ ድምጿ እንደ ልጅ ነበር!» አለ። እኔ የአወልን ፊት አየሁ፤ ድምፄን ያስታውሰዋል ማለት ነው።

ሆዴ ይደርቅ እንደሆነ፣ የወር አበባዬ ተዛብቶ እንደሆነ፣ ውፍረት ጨምሬ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ለሁሉም አዎ። ወንበር ላይ አንበርክካ ከተረከዜ በላይ ያለውን ጅማት በትንሽ መዶሻ መታ አደረገችው። እግሬ እንደ መርገጥ አለና ሲመለስ እንደ ሰነፍ ሰው ቀስ አለ። አንገቴን ዳሰሰች። ከዚያ ደም አዘዘች።

ውጤቱ ሲመጣ፣ «ቆዳዎ አይደለም የታመመው፣ የእንቅርት ዕጢዎ ነው» አለችኝ።

«እንቅርት? አንገቴ እኮ አላበጠም።»

«ሳያብጥም ይደክማል። እዚህ አንገት ሥር የቢራቢሮ ቅርጽ ያላት ዕጢ አለች፤ ታይሮይድ ትባላለች። ሰውነት የሚሠራበትን ፍጥነት የምትሰጠው እሷ ናት። እሷ ስትሰንፍ ሁሉም ይሰንፋል። ላብ ይጠፋል፣ ቆዳ ይደርቃል፣ ፀጉር ይረግፋል፣ ሐሳብም ይንቀራፈፋል።»

«ሐሳብም?» አልኳት። «እያበድኩ አይደለም?»

«አይደለም።»

እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። አወል እንደመቆምም እንደመቀመጥም አደረገው። በመጨረሻ ጃኬቴን አስተካከለልኝ፤ ሌላ የሚሠራው ስላጣ።

በየቀኑ አንድ ትንሽ ክኒን፣ ምናልባትም ዕድሜ ልክ። መፈግፈግም ለጊዜው ቀረ፤ የተሰነጠቀ ቆዳ በስኳርም በአተላም አይነካም፤ በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ ወፍራም ቅባት ብቻ። እኔም ዳንኩ ብዬ ተመለስኩ።

አልዳንኩም። ሳምንታት አለፉ፤ ብርዱም ጭጋጉም ባሉበት ቆሙ። እንደገና ግራ ገባኝ፤ ይሄኛውም ስህተት ይሆን? ለቁጥጥር ስንመለስ ሐኪሟ የደም ውጤቱን አይታ ግንባሯን ቋጠረች።

«ክኒኑን በትክክል ይውጣሉ?»

«አንድ ቀን አልዘለልኩም። አወል ነው የሚሰጠኝ።»

«በምን ነው የሚውጡት?»

«በቡና። ንጋት ላይ ሱብሒ ሰግደን ቡና ስንጠጣ፣ በዚያው እውጠዋለሁ።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ሳቀች። «የጅማን ሰው ይሄን አስቀድሜ አለመጠየቄ የኔ ጥፋት ነው» አለች። ቡና ክኒኑ ወደ ደም እንዳይገባ ያግደዋል አለችን። በባዶ ሆድ፣ በንጹህ ውሃ፣ ከዚያ ቡናውንም ቁርሱንም ለአንድ ሰዓት ያህል ማቆየት። አወል አንገቱን ደፋ። በቡና የሚኖር ሰው፣ ቡና ለሚስቱ ከለከለ ቢባል ማን ያምናል? ከማግስቱ ጀምሮ እሱም ከኔ ጋር ሰዓቱን እያየ ይጠብቃል። «ብቻዬን ብጠጣው አይጣፍጠኝም» ይላል፤ ሲያፏሽክ ግን አየዋለሁ።

መዳኔን ያወቅሁት በቅልጥሜ አይደለም፤ በላብ ነው። ወደ ስፌት ቤቴ የሚወስደውን ዳገት ስወጣ ጀርባዬ ላይ አንድ ነገር ወረደ። ነፍሳት መስሎኝ እጄን ሰደድኩ። ላብ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ «አልሐምዱሊላህ» እያልኩ ስስቅ ባጃጅ ነጂ አቁሞ «እናት፣ ልትሳፈሪ ነው?» አለኝ። ከዚያ ቆዳዬ ቀስ በቀስ ለሰለሰ፤ ረከዓዎቼም ተመለሱ። እትዬ አልማዝ የልጃቸው ሠርግ ካለፈ በኋላ ሥጋቸውን እንደማልበላ ስለሚያውቁ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ስለ ካባው አንድ ቃል አልተናገሩም። ቅንድቤን አይተው ብቻ «በቀለ!» አሉ።

አንባቢዬ፣ ምክሬ አጭር ነው። ቆዳሽ ደህና ከሆነ በደቃቅ ስኳር፣ ቀስ ብለሽ፣ አልፎ አልፎ ፈግፍጊ። ሐኪም ዘንድ ስትሄጂ ግን ቆዳሽን ብቻ ይዘሽ አትሂጂ። ብርዱንም፣ መርሳቱንም፣ የሻከረ ድምፅሽንም፣ ተራ ነው ብለሽ የተውሽውንም ሁሉ ይዘሽ ሂጂ። አብሮሽ የሚኖር ሰው ካለ እሱንም ይዘሽ ሂጂ፤ አንቺ የረሳሽውን ያስታውሳል።

ይህን ጽፌ ልጨርስ ነበር። ግን የአክስቴን ነገር ሳልናገር ባልፍ አይሆንልኝም።

ለዒድ ሰቃ ዘመድ ጥየቃ ሄድን። የእናቴ ታናሽ እህት፣ አክስቴ ዘይነባ፣ ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ግድግዳ ተደግፈው ፀሐይ ላይ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። ለዓመታት ያየኋቸው እንደዚያው ነው፤ ቤቱ ሁሉ «አርጅተዋል፣ ሐሳባቸው ሄዷል» ብሎ ጨርሷል። እጃቸውን ልስም ያዝኩት፤ ቀዝቃዛ፣ የዛፍ ቅርፊት የመሰለ። ሰላም ሲሉኝ ድምፃቸው ወፍራም፣ ቃሉ ከሩቅ የሚመጣ። እጃቸውን መልቀቅ አቃተኝ። ፊታቸውን አየሁት፤ ቅንድባቸውን።

ልጃቸውን «ደም ይታዩ» አልኩት። «ለእርጅና ደግሞ የምን ደም ምርመራ?» አለኝ። አወል ነው ያግባባው። ሐኪሟ ውጤታቸውን አየች፤ ከኔ የከፋ ነው። ልባቸውን እንዳይጎዳ ከትንሽ መጠን ጀምራ ቀስ እያለች ጨመረችላቸው። ሁሉም አይመለስም ብላ አስጠንቅቃናለች፤ እውነትም ሁሉም አልተመለሰም።

ሐያት ለእረፍት ስትመጣ አብረን ሄድን። አክስቴ ብርድ ልብሱን አውልቀው በነጠላ ተቀምጠዋል። ሐያት እግራቸው ሥር ተቀምጣ ተረከዛቸውን ቅባት ታሻለች። አክስቴ ለረጅም ጊዜ ግቢውን ሲያዩ ቆይተው ወደኔ ዞሩ።

«ነጃት፣ ብዙ ጊዜ ተኝቼ ነበር መሰለኝ።»

«አልተኙም፣ አክስቴ። አሞዎት ነበር እንጂ።»

«እስቲ ንገሪኝ። ማን አገባ? ማን ሞተ?»

ምን እንደማስቀድም ግራ ገባኝ። አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ያገቡትን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ለሞቱት «ኢናሊላህ» ይላሉ፤ አንዳንዱን ሁለቴ ይጠይቁኛል፤ እኔም ሁለቴ እመልሳለሁ። የራሳቸው ወንድም መሞቱን ስነግራቸው «ቀብር ላይ ነበርኩ?» አሉኝ። ነበሩ። ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ቆዩ።

«ያቺ ልጅሽስ?» አሉ በኋላ። «የፊት ጥርሷ የወለቀው፣ ትንሿ። ደህና ናት?»

ሐያት እጇ ተረከዛቸው ላይ እንዳለ ቀና አለች። «እኔ ነኝ» አለች።

አክስቴ ጎንበስ ብለው አገጯን ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩት። ጥርሶቿን አዩ። ረጅም ጊዜ አዩ።

«ማሎ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ» አሏት፤ «ጥርስሽ ከበቀለበት ጊዜ ጀምረሽ ንገሪኝ።»